ኳሷን ማንም ወደሌለበት

ውድ ወንድሜ ወጂህ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። «ባሕሩን ተሻግሬ ካታኒያ ገብቻለሁ፣ ዓሣ ገበያ ሥራ ጀምሬያለሁ» ካልክ በኋላ ስልክህ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው። በጀልባው አብረውህ ከሄዱት ልጆች አንዱ ታሟል ይላል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ሄዷል ይላል። እማዬ ሁለቱንም ታምናለች። እኔ ማንንም ማመን አቅቶኛል፤ ስለዚህ ራሴ ልመጣ ነው። እንዴት እንደሆነ ብትሰማ ትስቃለህ። በፒንግ ፖንግ ነው።

የወደቡ ክለብ የሴቶች ቡድን ካታኒያ ለውድድር መጋበዙን ከረመዳን በፊት ሰማሁ። ለእኔ ቢጤ፣ በፋብሪካ የሽሪምፕ ቅርፊት ላጭ፣ ማን ቪዛ ይሰጣል? ለቡድን ግን ይሰጣሉ። ራኬትህን ይዤ ወደ ክለቡ ሄድኩ። ከተሰበረ ጀልባ በተነቀለ በር ላይ የዓሣ መረብ ቁራጭ ወጥረን፣ በሰፈራችን በአንፉሺ ንፋስ፣ በቤታችን ሰገነት ላይ ስንጫወት ላደግን ሰዎች ይሄ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር።

ከበደኝ። አዳራሹ ውስጥ ንፋስ የለም፤ እጄ ደግሞ ሁልጊዜ ለንፋሱ አስቦ ነው የሚመታው። ገና ስጀምር ኳሷን ከጣቴ ላይ ነጥቄ ብመታት ካፒቴን ሰፍወት፣ አሰልጣኛችን፣ ፊሽካውን ነፋብኝ።

«ምንድን ነው ይሄ? መዳፍሽን ዘርጊ፣ ወደ ላይ ወርውሪያት፣ ከዚያ ምቺ። እዚህ ሰገነት የለም።»

ይሄስ በልምምድ መጣ። ከእጄ አልወጣ ያለኝ ሌላው ልማድ ነው። እኔና አንተ ነጥብ ቆጥረን አናውቅም። ኳሷ ከወደቀች ያንን ሁሉ ደረጃ ወርዶ የሚያመጣት ስለሌለ፣ እንዳትወድቅ ብቻ ነበር የምንጫወተው። እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኳሷን ራኬትህ ላይ ማድረስ። ክለቡም ውስጥ ለተጋጣሚዬ እዚያው ራኬቷ ላይ አደርስላታለሁ። ዳሊያ የምትባል ልጅ አለች፤ አንድ ቦታ ቆማ፣ ላብ ጠብ ሳይላት ትደበድበኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እየተጫወትሽ ነው ወይስ እንግዳ እያስተናገድሽ?» አለኝ ካፒቴን።

«ሻይም ትቅዳልኝ እንጂ» አለች ዳሊያ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ቆሽቴ አረረ። ካፒቴን ግን ስንለያይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ ተጋጣሚሽን አትያት። ማንም የሌለበትን ጥግ እይና እዚያ ምቺ። ጨዋታው ይኸው ነው» አለኝ።

ከፋብሪካው እየወጣሁ፣ እጄ ሽሪምፕ እየሸተተ፣ ያንን ብቻ ተለማመድኩ። ባዶውን ማየት። ስትሄድ አልጋህን እንዳየሁት፣ በምሳ ሰዓት ወንበርህን እንደማየው። ወጂህ፣ ይሄን ለመልመድ አሰልጣኝ የሚያስፈልገኝ አይመስልህም ነበር። መጀመሪያ ኳሷን ሰው በሌለበት በጣልኩ ቁጥር አንተን የገፋሁህ ይመስለኝ ነበር። እየቆየ ግን ቀለለኝ። የሚያስፈራኝ መቅለሉ ነው።

የመጨረሻዋ የቡድን ቦታ ለእኔ ወይ ለዳሊያ ነበረች። ካፒቴን አጋጠመን፤ አሸናፊዋ ትሄዳለች። ዙሮቹን እኩል ተካፍለን የመጨረሻው ላይ ደረስን። በማሸነፊያዬ ነጥብ ላይ ዳሊያ ተንሸራታ በአንድ ጉልበቷ ወደቀች። ግን ራኬቷን አልጣለችም፤ ከፍ አድርጋ አየችኝ። አንተ ኳሷን ስትፈልግ በምታየኝ አስተያየት። እጄ ሊሰጣት ሄዶ ነበር። መለስኩት። ኳሷን በሌላው ጥግ ጣልኳት፤ ዳሊያ ዞራ እንኳ አላየቻትም።

አሸነፍኩ። ለቅሶዬ መጣ። ዳሊያ ጉልበቷን እያሸች መጥታ ጨበጠችኝ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ወንድምሽን ሰላም በይልኝ» አለች።

ለካ ለምን እንደምሄድ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሰገነቱ ወጣች። አሮጌውን ራኬቴን አንስታ ጠረጴዛ ባደረግነው በር ማዶ ቆመች። «በይ እስቲ፣ ትንሽ አጫውቺኝ» አለች። እማዬ ራኬት ይዛ አይቻት አላውቅም። ቀስ አድርጌ ልሰጣት ፈለግኩ። እጄ ግን ኳሷን እያራቀ፣ እያሸሸ፣ እማዬ በሌለችበት ይጥላታል። ደጋግሜ ሞከርኩ። አንዷን እንኳ አልነካቻትም። ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሳችና፣ «ወጂህ እኮ እጄ ላይ ነበር የሚያመጣልኝ፤ አንቺ ሥራ ስትሄጂ» አለች።

ይህን ነግረኸኝ አታውቅም። ያን ዕለት ራሴን ጠላሁት። አንተን ለመፈለግ ስል ያንተን ጨዋታ ከእጄ አውጥቼ ጣልኩት።

ካታኒያ ስደርስ ዓሣ ገበያው በር ላይ ሁለት ራኬት ይዤ እቆማለሁ። ታመህም ከሆነ፣ አፍረህም ከሆነ፣ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና። ለእማዬ የምታወራውን እኔ አመቻችልሃለሁ። አንዲት ኳስ ብቻ ላክልኝ፤ ወደ እጅህ መመለስ እስክችል አብረኸኝ ቁም። እዚህ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ ወጂህ። እዚያ ግን ማንም ወደሌለበት አታስመታኝ።

እህትህ ራውያ