«ስታበርን» ከምትለው ቃል ስር

ይበልጣል ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሞጣ ያው ናት፤ ቤታችን ግን ትንሽ ተቀይሯል። ጠረጴዛህን ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፤ አሁን ተማሪዋ እኔ ነኝ። ልጃችን ሕይወት ቀይ እስክሪብቶህን ወርሳ ታርመኛለች። ከአንተ ትብሳለች፤ ግማሽ ማርክ እንኳ አትለቅም።

የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተራችን ትዝ ይልሃል? በየቅዳሜው አምስት ቃል፦ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ምሳሌው። ልጅ ሆነህ ቢቸና ቅኔ ቤት እንደለመድከው፣ ከነፍቺው በቃሌ ካልያዝኩት አትፋታኝም ነበር። ምሳሌው ደግሞ ከገዛ ቤታችን የተወሰደ እውነት መሆን አለበት አልክ። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ጆንና ሜሪን ከነውሻቸው አባረርካቸው። ስለዚህ ደብተሩ ሙሉ የእኛ ጉድ ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ያረረው ወጤ፣ ማንኮራፋትህ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

«ስታበርን» ላይ ስንደርስ ፍቺውን «ግትር፣ ምክር የማይሰማ» ብለህ ጻፍክ። እኔም ከስሩ፣ ባሌ ስታበርን ነው፣ ደረቱን እያመመው ክሊኒክ አልሄድም ይላል ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አነበብከው፤ አንዲት ፊደል አረምክ፤ ከጎኑ «ጎበዝ» ብለህ ሳቅክ። እኔ ሞኟም በ«ጎበዝ»ህ ደስ ብሎኝ ደብተሩን ዘጋሁት። በአማርኛ ልጮህብህ ሲገባኝ በእንግሊዝኛ ጽፌ ታረምኩ፤ ያው ደረትህም ከእኔ ነጠቀህ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአንተም እናደዳለሁ፣ በራሴም።

ባለፈው ወር ቢቸና ሄጄ የጤና ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተፈተንኩ። ከቃላቱ መካከል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ስታበርን። ፍቺውን ጽፋችሁ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡት ይላል። ፍቺው ላይ ያንተኑ ጻፍኩ። ለምሳሌው ግን የድሮው እጄ ላይ ቢመጣም ተውኩት። እኔ ስታበርን ነኝ፣ ደረቱን የሚያመውን ሰው ክሊኒክ ሳላስገባ አልመለስም ብዬ ጻፍኩ።

አለፍኩ፤ መስከረም ላይ እጀምራለሁ። የደብተሩ ግማሽ ገና ባዶ ነው። በየቅዳሜው አምስት አምስት ቃል እሞላበታለሁ፤ አንተ የሌለህበት ገጽ አይኖርም። ምሳሌው እውነት መሆን አለበት ብለህ የለ? ፈተናው ላይ የጻፍኩትን እውነት አደርገዋለሁ።

ግትሯ ሚስትህ፣
የሺ