የአጎቴ የከበሮ መሐረብ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የወንዙ እርጥበት በዚህ ወር እንደማይምርሽ ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው። እኔ ብርዱ አፍንጫዬን ሊቆርጠው ከመድረሱ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ቴሌግራሙ የወንድምሽን የአልሲድን ሞት ብቻ ነግሮሽ፣ እንዴት እንደቀበርነው ሳትሰሚ ስትብሰለሰዪ እንደሰነበትሽ ይገባኛል። ከኒው ኦርሊንስ ስትሸኚን "በሰው አገር ማን በወጉ ይቀብርሃል?" ብለሽ አልቅሰሽበት ነበር። እሱም አልረሳውም። ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ከትራሱ ሥር መሐረብ አውጥቶ ሰጠኝና "ኦክታቭ፣ ይሄን ከበሮዬ ሥር አድርገው። ደግሞ ቀብራችሁኝ በዝምታ እንዳትመለሱ!" አለኝ። ማልኩለት።

እዚህ ግን የእኛን ሙዚቃ ጃዝ ብለው ለዳንስ ቤት እንጂ ለቀብር አያውቁትም። የዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ትረስዴል "መዝሙሩን ንፉ፣ እሺ። ስትመለሱ ጭፈራው ምንድን ነው? ሰውየው ምን በድሏችሁ ነው?" አለን። ትሮምቦን ነፊው ኤልዚ "ፓስተር፣ ስንሄድ ለራሳችን እናለቅሳለን፤ ስንመለስ ለእሱ ደስ ይለናል። አርፏላ!" አለው። ፓስተሩ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ እኔ የአጎቴን ከበሮ አንግቤ፣ መሐረቡም እንደ ለቅሶ ወጋችን ድምፁን አፍኖት፣ መዝሙሩን ቀስ እያልን መቃብሩ ዘንድ ደረስን። ለጸሎት ሲቆም ነፊዎቹ እንደ ድሯችን መሣሪያቸውን ከእግራቸው ሥር አስቀመጡ። አይ የእኛ ነገር! እዚህ አራተኛው የብርድ ወራታችን ሆኖ እንኳ መሬቱ በረዶ መሆኑን ማን አስታወሰ? ጸሎቱ ሲያልቅ የመለከቶቹ ቁልፎች ደርቀው አልጫን አሉ፤ የኤልዚም ትሮምቦን አልሳብ አለ። ፓስተሩ "ጌታ ራሱ ከለከላችሁ" ብሎ ፈገግ አለ። እውነቴን ነው እማዬ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ከበሮው ግን አንገቴ ላይ ነበር። መሐረቡን መዝዤ በኪሴ ከተትኩና በኃይል መታሁት። ኤልዚ ትሮምቦኑን በብብቱ ሸጉጦ የመለከቱን ዜማ በአፉ ያወጣው ጀመር። ከአገራችን የመጡት የልብስ ንጽሕና ቤት ሴቶች ጃንጥላቸውን ዘርግተው በረዶው ላይ እየጨፈሩ ተከተሉን። የቺካጎ ሰው መጀመሪያ በመስኮት አየን፤ ቀጥሎ ኮቱን ደርቦ ወጣ። መንገዱ ጢም አለ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ሕዝብ አላስጨፈረም! ፓስተሩንም በጎን አየሁት፤ እርምጃው ከምቴ ጋር ነበር።

እኅቴን ክሌሜንስንና ባሏን አርማንድን፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ዜልማን "የእርስዎን የባሚያ ወጥ እዚህ የሚስተካከለው የለም" በያቸውና ይኩሩ።

ከደብዳቤው ጋር ያገኘሽው መሐረብ ከከበሮው ሥር የመዘዝኩት ነው። ስታዪው ታውቂዋለሽ፤ ጣቢያው ላይ እንባሽን ስትጠርጊበት አጎቴ ከእጅሽ የነጠቀሽ ነው። አላጠብኩትም። ማን በወጉ ይቀብርሃል ብለሽው ነበር። አንቺም አብረሽን ቀበርሽው፣ እማዬ።

ልጅሽ ኦክታቭ
ቺካጎ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1923