በቀይ ጨርቅ የሚቋጥሩት እትዬ ለዩልኝ

ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ ለዩልኝ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከአሮጌው ገበያ ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። በአባታቸው ሱቅ የተደባለቁትን ቁልፎች እንደየመጠናቸው በየጣሳው ማስቀመጥ የእሳቸው ሥራ ስለነበር፣ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት መለየት ጀምረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የሒሳብ ጎበዝ እንደነበሩ ራሳቸው አዘውትረው ይነግሩን ነበር፤ ቃላቸውን የሚያጸና የክፍል ጓደኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም። እናታቸው ሲታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው አንድ ጆንያ ቀይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ያ ጆንያ ዛሬም አላለቀም።

በ1964 ዓ.ም. የቆሻሻ መኪና ላይ ጫኝ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ዘመድ አዝማድ አፍንጫውን ይዞ «ከቆሻሻ ጫኝ ጋር?» ቢል፣ «የኔስ ታጥቦ ነው የሚገባው፤ የእናንተን እንጃ» ብለው አፉን አስያዙት።

በ1971 ዓ.ም. ባለቤታቸው አንድ ከረጢት ከመንገድ ዳር ሲያነሡ፣ ውስጡ የነበረ የተሰበረ ጠርሙስ ቀኝ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር ተረተረው። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቻቸው ግን ዳግመኛ አልጨበጡም። ከዚያ በኋላ የቆሻሻ መኪኖቹ ማቆሚያ ዘበኛ ሆነው ሠሩ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉላቸው እናታችን ነበሩ። እናታችንን የከነከናቸው ጠርሙሱን የጣለው ሰው ክፉ አለመሆኑ ነው። ሳያስብ ጣለው እንጂ ጠልቶ አልጣለውም። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው የሚወጣ ስብርባሪ ሁሉ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ቁራጭ ታስሮ፣ ከከረጢቱ ውጪ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር። ቀዩን ያየ ሰው ተጠንቅቆ እንዲያነሣ ነው።

በ1975 ዓ.ም. በቆሻሻ መለያ ጣቢያው ተቀጠሩ። በረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ወረቀቱን ከላስቲኩ፣ ቆርቆሮውን ከጠርሙሱ ሲለዩ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ዓ.ም. አገለገሉ። በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ «እባካችሁ ለዩልኝ፤ ሰው እጁን ነው የሚሰድበት» ይሉ ነበር። ስማቸውም በዚያው ቀረ። የባትሪ ድንጋዩን፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒትና መርፌውን በየባልዲው ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ ልጣጩን ለአፈር ያውሉታል። «ቆሻሻ ያው ቆሻሻ ነው» ያላቸውን አንድ ጎረቤት፣ «ሲደባለቅ ነው ቆሻሻ የሚሆነው» ብለው ባልዲውን እዚያው ወለሉ ላይ ገልብጠው አስተምረውታል። ሰውየው ሰላምታ ነፍጓቸው ከርሟል። በኋላ ግን ከእሳቸው የባሰ ለዪ ወጣው። አሁን እዚሁ መካከላችን ቆሞ እየሰማ ስለሆነ ከዚህ በላይ አንናገርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አማቻቸው ነኝ። ልጃቸውን ልጠይቅ ከሽማግሌዎች ጋር መጥቼ ብርቱካን ሲቀርብልኝ፣ ልጣጩን በእጄ ይዤ «የት ነው የሚገባው?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ወሬ ሳይጀምሩ እናታችን ወደ ልጃቸው ጆሮ ዘንበል ብለው «ይሄ ይሆናል» አሉ። በሠርጋችን ፎቶግራፍ ላይ ሁሉም አበባ ሲይዝ፣ እሳቸው በአዲሱ ቀሚሳቸው ባዶ ጠርሙስ የሞላው ፌስታል ይዘው ይታያሉ። ፎቶ አንሺው አስቀምጡት ቢላቸው፣ ይደባለቅብኛል ብለው እምቢ አሉ።

በ1999 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። ሐዘናቸውን በሥራቸው ቻሉት። በ2013 ዓ.ም. ግን ሌላ ሐዘን ወደ ቤታችን ገባ። መጀመሪያ መነጽራቸው ከቆርቆሮ መለያው ባልዲ ውስጥ ተገኘ፤ ሳቅን። ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ ከልጣጩ ጋር ተገኘ፤ ያኔ ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ የመርሳት ሕመም መሆኑን ነገረን። ወንድ ልጃቸው ባልዲዎቹን እንውሰድባቸው አለና አንድ ቀን ሞከርነው። እናታችን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው «ከሥራ አባረራችሁኝ?» እያሉ ሲያለቅሱ ዋሉ። ባልዲዎቹን መለስንላቸው።

ከዚያ በኋላ ጭንቀታችን ሁለት ነበር፦ በከረጢታቸው ሰው እንዳይጎዳ፣ እሳቸውም መደባለቃቸውን እንዳያውቁ። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው እጅ ሲሳሱ የኖሩ ሴት፣ የእኔ ከረጢት ሰው ሊወጋ ነው ብለው ቢሰሙ ልባቸው አይችለውም ነበር። ስለዚህ እሳቸው ለይተው ሲያበቁ፣ ልጃቸው መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግታ ያንኑ ከረጢት እንደገና ትለየዋለች። አንድ ጊዜ እሷ ታማ ተኝታ ከረጢቱ እንዳለ ወጣ። ሥራውን እናታችን ያስተማሩት የሠፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ በማግሥቱ መጥቶ የስኳር መርፌያቸውን በጣሳ አድርጎ በእጄ አስያዘኝ። «ደህና ነኝ፣ አልነካኝም። ብቻ እሳቸው እንዳይሰሙ» አለኝ። ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ ሰላም ሲላቸው፣ እንደ ሁልጊዜው «ከረጢቴ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁት። «እንደ እርስዎ ከረጢት የት ይገኛል እትዬ!» አላቸው። ያን ቀን በደስታ አመሹ።

አንድ ቀን በሩ ሳይዘጋ ቀረና ልጃቸውን እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ አገኟት። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት፣ ደንግጣ «ጉትቻዬ ወድቆብኝ ነው እማዬ» አለች። ሁለቱም ጉትቻዎቿ ሻሿ ሥር ነበሩ። እናታችን ያን የታመመ ጉልበታቸውን አጥፈው አብረዋት ሲፈልጉ ረፈደ። ከዚያ ወዲህ የልጆቻቸው ስም ሲጠፋባቸው፣ የኔ ስም ሲጠፋባቸው፣ ይህ አልጠፋባቸውም። በነጋ በጠባ «ጉትቻሽ ተገኘ?» ይሏታል። ባለቤቴም ውሸቷ እንዳይታወቅባት አንዱን ጉትቻዋን አውልቃ እስከ መጨረሻው በአንድ ጉትቻ ኖረች።

እናታችን በየካቲት ወር መግቢያ የሳንባ ምች ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ልጆቻቸውና ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርጉላቸውም፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ነርሷ ልብሳቸውንና ቀለበታቸውን ካስረከበች በኋላ አንድ ጉትቻ ብቻ ሰጠችን፤ ሲገቡም አንድ ብቻ እንደነበራቸው ነገረችን። ባለቤታቸው በጤነኛ እጃቸው በሠሩበት ዘመን የገዙላቸው፣ ከጆሯቸው ተለይቶ የማያውቅ ጉትቻ ነው።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ተመልሳ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ባልዲዎቹ ሄደች። እናታችን ሆስፒታል በሄዱበት ጠዋት የሞሉት ከረጢት እንዳለ ነበር። በዚያ ቀን ጉትቻ የምትፈልገው እውነቷን ነበር። ልጣጭ ከወረቀት፣ ክዳን ከመድኃኒት ልጥፍ ጋር ተደባልቋል፤ ከከረጢቱ ውጪ ግን በቀይ ጨርቅ የታሰረች ትንሽ ቋጠሮ ተቀምጣለች። ስብርባሪ መስሏት እናቷ እንዳስተማሯት በቀስታ ፈታቻት። የእናቷ ሁለተኛው ጉትቻ ውስጧ ነበር። ለልጃቸው አግኝተውላት ማንም እንዳይጥለው በደንብ አስረው አስቀምጠውላታል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።

እናታችን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሁሉ፣ በተለይም ምስጢራችንን ለጠበቀልን ቆሻሻ ሰብሳቢ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የታደለቻችሁን ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ከውኃ ላስቲክ ጋር አንድ ላይ አትጣሉብን፤ ዛሬ እንኳ በሰላም ይረፉበት።

በመጨረሻም፣ ልታጽናኗት ስትቀርቡ የልጃቸው ሁለት ጆሮ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ጉትቻዎች ታያላችሁ። በሐዘን ብዛት ተሳስታ አይደለም። እናቷ ፈልገው ያገኙላትን አድርጋ ነው። ለሰው እጅ ሲሳሱ የኖሩትን እናታችንን ፈጣሪ በምሕረት እጁ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።