ግንቡ ሳይሰማ የተከፈተ መስኮት

ገንዳ ውሃ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙዓዝ አባት፣ ለውድ ባለቤቴ ለሷሊህ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርር የለም። ስልኩ ስለተቋረጠ ይህን ደብዳቤ ጎንደር ለሚወጣው ለሾፌሩ ለአብዱረሕማን ሰጥቼዋለሁ። ረስተኸው የሄድከውን መነጽርህንም ልኬልሃለሁ። ራስህ አንብበው፤ ሆስፒታል አብራህ ያለችው ልጃችን ረፊቃ ማየት የሌለባት ነገር አለበት።

እግርህ ከተቆረጠ ወዲህ ያልከውን ረፊቃ ስልኩ ሳይቋረጥ ምንም ሳታስቀር ነግራኛለች። «አልጋ ላይ ተጋድሜ ግድግዳ ከማይ እዚሁ ጎንደር ልቅር» ብለሃል አሉ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ተነሥቼ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ አየሁት። እውነትህን ነው፣ ምን ይታያል። ከጀርባው ግን የገበያው መንገድ ነው። ስለዚህ መስኮት ይውጣለት አልኩ።

አትቆጣ። አባትህ የገነቡት ግንብ መሆኑን አውቃለሁ። ወንድምህ ኡመይርማ ግንበኛውን «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ከሥር ድንጋይ ስትነቅል ጣሪያው አብሮ ይመጣል» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አስፈራራብኝ።

ግንበኛው አዛናው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጋይንት ወርዶ እዚሁ የቀረው፣ ጉራው ከቁመቱ የሚበልጠው። «እትዬ ረቢዓ፣ እኔ የምበሳው ግንቡ ሳይሰማ ነው» አለኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይኮራል ብዬ ነበር። አሁን ይኩራ፣ ያምርበታል።

መጀመሪያ የጣሪያውን አግዳሚ በባላ ደገፈ። ከዚያ ከታች ይጀምራል ስንል ከላይ ጀመረ። ግንቡ ሁለት ፊት አይደል፤ የውጭውን ፊት ብቻ በመሮ ቀስ እያለ ፈለፈለና ከላይ ያለውን ሸክም የሚይዘውን ጉበን አስገባ፣ ክፍተቱንም በሲሚንቶና በጠጠር ጠቀጠቀው። እስኪደርቅ ሰው አላስነካም። ኋላ በውስጥ በኩል ዞሮ ሁለተኛውን ጉበን እንዲሁ አስገባ። ሸክሙ በጉበኖቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ከሥር ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ እንደ ወተት ጥርስ ያወጣው። ኡመይር ጣሪያው ሲወድቅ ሊያይ ውጭ ቆሞ ዋለ፤ አንድ ጠጠር እንኳ አልወደቀለትም። ማታ ላይ ራሱ ሻይ ይዞለት መጣ።

የአባትህን ድንጋዮች አልጣልናቸውም። አዛናው የደጃፉን ደረጃ አፍርሶ ለጋሪ ወንበርህ መግቢያ አደላደለባቸው።

ድንጋይ ማውጣት ሳይጀምር በፊት «ባልሽ አልጋው ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ የት ይደርሳል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ኡመይር ሊገምት ሲል ዝም አሰኘሁት። አልጋው ላይ በእኔ በኩል ተቀመጥኩና ትከሻህ የት እንደሚሆን ግንቡ ላይ በእጄ አሳየሁ። ስንት ዓመት ጭንቅላቴን አሳርፌበት እንዴት አላውቀው። ረፊቃ እንዳታይ ያልኩህ ይህን ነው።

የሱቃችንን ሚዛን ከመስኮቱ ሥር፣ እጅህ በሚደርስበት አድርጌዋለሁ። እንደ ድሮው አንተ ትሸጣለህ፣ እኔ አቀብላለሁ። ስኳር ትመዝናለህ እንጂ መቅመስ የለም።

መዝጊያው ተገጥሟል፤ እስካሁን ግን አልተከፈተም። ኡመይር «ክፈችው እንጂ፣ በሙቀት ልትሞቺ ነው» ይለኛል። መወርወሪያው በአንተ እጅ ልክ ነው የተሠራው፣ እኔ አልነካውም። የምተኛውም እዚያው ነው፣ በእኔ በኩል።

አላህ ቁስልህን ያድርቅልህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ።

ባለቤትህ ረቢዓ