ከጨፌው ነጥብ አልቀንስም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ሳልዎ ተሻለዎት? እማዬና ተገኘስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው። ስደውል ማንሳት ከተዉ ሦስት ሳምንት ስላለፈ ይህን ከሞላሌ በገበያተኛ እጅ ላክሁልዎ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መሥሪያ ቤቴ ከመንደራችን በላይ ያለውን ጨፌ እንድመረምር የላከኝ፣ «ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ይፍሰስና ለገብስ ይታረስ» የሚል ጥያቄ ስለቀረበ ነው። አራት ቀን በጨፌው የሚያልፈውን ወንዝ ተከትዬ ሄድሁ። በየመቶ እርምጃው እየቆምሁ የዳሩን ሣር ለካሁ፤ ድንጋይ እየገለበጥሁ ከሥሩ ያሉትን ትሎች ቆጠርሁ። ጫጩቶቿን የምትመራ ዝይ አየሁ። ቀይ ቀበሮም ሣሩ ውስጥ አድብቶ አይጥ ሲይዝ አየሁ። በጨፌው ጤንነት መመዘኛ ቅጽ ላይ ከመቶ ሰባ ስምንት ሰጠሁት።

አለቃዬ አቶ ወንዳፈራሁ ቅጹን አይተው፣ «ከአርባ በታች አድርጊው፤ ያለዚያ ቁፋሮው አይፈቀድም» አሉኝ። ያየሁትን እንደጻፍሁ፣ ከፈለጉ ግን እሳቸው ሰርዘው በስማቸው እንዲፈርሙ ነገርኋቸው። አልፈረሙም።

በማግስቱ በእኔ ላይ የቀረበ ማመልከቻ አሳዩኝ። «የገዛ ወገኖቿን ለወፍ የሸጠች» ይላል። የፈራሚዎቹን ስም በእጃቸው ሸፍነውታል፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጽናት የሚለው ስሜ ግን በጸሎቱ ጸ ነበር የተጻፈው። ፊደል ሲያስቆጥሩኝ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ሁሉም በፀሐዩ ፀ ነው የሚጽፈኝ። ወረቀቱን መልሼ ወጣሁ።

ተገኘ መሬት በማጣቱ ሠርጉ እንደዘገየ አውቃለሁ። ወንድሜ ነውና ያንገበግበኛል። ግን የጨፌው የላይኛው ጥግ ካቻምና ሲታረስ ምን ሆነ? አንድ ዓመት ገብስ ሰጠ፣ ከዚያ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከሥሩ ያለው የወይዘሮ አዛለች ምንጭም በየካቲት ይነጥፍ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው የመንደሩ ስብሰባ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። አንዱ «ቀበሮ ሊያበላን ነው?» ሲል ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ አዛለች ተነሥተው፣ «በበጋ ከእኔ ጋር ያንን ዳገት ጀሪካን ተሸክማችሁ ውጡ፤ ከዚያ ትቆፍራላችሁ» አሉ። ሳቁ ቆመ። ብዙው ሰው ቁፋሮው ይቅር ብሎ እጁን አወጣ። ተገኘ ሳያየኝ ወጥቶ ሄደ። እርስዎ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነበር።

ሰኞ ወደ ዓለም ከተማ መዛወሬን የሚገልጽ ወረቀት ደረሰኝ። ይሁን፤ እዚያም ወንዝ አለ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ነገም ቢጠይቁኝ የምጽፈው ሰባ ስምንት ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ጉልበትዎን ልስም እንጂ ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። በሩን ቢዘጉብኝ እስኪከፍቱልኝ ደጅ ላይ እቀመጣለሁ። ማን ምን እንደጻፈ ግን አንድም ቀን አልጠይቅም።

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የተገኘንም ሠርግ ለማየት ያብቃዎ።

ያልታዘዘችዎ፣ የምትወድዎ ልጅዎ