መርዶ በስልክ

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2009፣ ረሆቮት

የእናቴ ወንድም መሞቱን ዛሬ ሥራ ቦታ ከስልኬ ላይ አነበብኩ። የላከው የእህቴ ልጅ ነው፤ ነስ ጺዮና ከተማ ሃይቴክ ኩባንያ የሚሠራው። ለዘመድ ሁሉ ባንዴ በትኖታል። ደውዬ ጮህኩበት።

«ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ፣ ግን ይፈጥናል እኮ» አለኝ።

መርዶን ምን ያስቸኩለዋል? ስልክ አልጠላም፤ እኔም ያለሱ አልውልም። መርዶ ግን በሰው እግር ነው የሚሄድ። በኔ ቤት ይሄ አይለወጥም!

እንደ ወጉ እናቴን ነገ ማለዳ ልንነግራት ይገባ ነበር። ግን እስከዚያ አንዱ ቢደውልላትስ? ሥራዬን ጥዬ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ኦሺዮት ሰፈር ቤቷ ሄድኩ። ገና ሳንቀመጥ ስልኳ ጠራ። ከእጇ ነጥቄ አጠፋሁት።

ቀና ብላ ሦስታችንንም አየችን።

«ማነው የሞተው?» አለች።