ጌታዋ መንገድ ላይ ነው

አሰላ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለሩቁ ወዳጄ፣

በታላቅ አክብሮትና በከባድ ኃላፊነት የማስታውቅህ ጉዳይ ስላለ ቁጭ ብለህ አንብበው። ውሻህ ወልዳለች።

አሁን ሰላምታው ይከተል። ለመሆኑ እንዴት ከረምክ? የጎንደር አየር ተስማማህ? የመንገድ ቅየሳው፣ የድንኳን ኑሮው፣ ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ትዞራለች። የጭላሎ ነፋስ ግን ዘንድሮ ጉድ ነው። ብርዱ አወፍሮኝ ቀሚሶቼን ሁሉ በጎን በጎናቸው ለቀቅ አድርጌያቸዋለሁ። ደንበኞቼ «ተስማምቶሻል» ይሉኛል።

«እስከ ጥምቀት ብቻ ያዢልኝ» ብለህ ነበር ያስረከብከኝ። ጥምቀትም አለፈ፣ ደብዳቤዎቼም መልስ ሳያገኙ እዚያው ቀሩ። ጎረቤቴ ባላምባራስ ሀብተ ማርያም ግን ገና በኅዳር፣ ኢተያ ላለው አውድማቸው ጠባቂ ዘር ፈልገው፣ መድፉ የሚሉትን ውሻቸውን እየጎተቱ ግቢዬ ገቡ። ክረምት ወልዳ አጥንቷ ገና አልተሸፈነም፣ ትንሽ ትረፍ ብዬ ለመንኳቸው። ሴት ውሻ ምን ሥራ አላት ብለው መድፉን ለቀቁት።

ስትወልድ ሁለቱ ወንድ፣ የቀሩት ሴት ሆኑ። ባላምባራስ መጥተው ጭራ ጭራቸውን ገልጠው አዩና ወንዶቹን ከጡት ላይ አንስተው በካፖርታቸው ይዘው ሄዱ። ለሴቶቹ ደግሞ ዘበኛቸውን ጉቱን ከነጆንያው ላኩልኝ፤ እንደ ልማዱ ዓይናቸው ሳይገለጥ ገደል ጥሏቸው ለጅብ እንዲሆኑ። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩበት። ጉቱ ምስኪን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ደክሞት ሄደ። ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ አንተም ታውቃለህ።

በነጋታው ሽማግሌ ተጠራ። ሳቅ፤ አሰላ በሙሉ ስቋል። ደጄ ላይ አግዳሚ ወጣ። አቶ ወልደጻድቅና ኦቦ ቱሳ ተሰየሙ። ኦቦ ቱሳ ሰላት ስላለባቸው፣ ውሻ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ተቀመጡ። ባላምባራስ ተነሥተው፣ ውሻ አባት ቆጥሮ እንደማያውቅ፣ በዚህ አጥር ያላለፈ ወንድ ውሻ እንደሌለ፣ ቡችሎቹ የመድፉ ስለመሆናቸውም ምስክር እንደሌለ አስረዱ። ጎረቤቴ ሀሊሜ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ ታዲያ ወንዶቹን በምን አወቋቸው፣ በጢማቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ ወልደጻድቅ ሳቃቸውን በያዙት የዝንብ ጭራ ከለሉት። ባላምባራስ ተቆጡ።

«የወለደች ታሳድግ!» አሉ።

የኔ ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ።

ኦቦ ቱሳ ግን፣ «ባላምባራስ፣ ለመምረጥ አባት ከሆኑ ለማብላትም አባት ነዎት» አሉ።

ተፈረደ። ወንዶቹ ጡት እስኪጥሉ ወደ እናታቸው ይመለሱ፤ ለአራሷ ወተትና ፉርሽካ ከባላምባራስ ቤት ይምጣ፤ ሴቶቹንም ማንም አይንካቸው። ጆንያው ለእኔ ተፈረደ።

ልንነሳ ስንል ኦቦ ቱሳ ወደ እኔ ዞረው ውሻይቱስ ጌታ የላትም ወይ አሉኝ። አላት፣ ጌታዋ መንገድ ላይ ነው አልኩ። የትኛው መንገድ ላይ አሉኝ። ገና እየተቀየሰ ያለው ላይ አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ከሴቶቹ አንዷን ሀሊሜ ሁሩታ ላሉት ዘመዶቿ አስወሰደች፤ ለሌሎቹም ሰው እየተገኘ ነው። መጨረሻ የተወለደችውን ማንም ስላልጠየቃት የኔ ናት። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ከእናቷ ጋር እንተያያለን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሷ ጆሮዋን ታቆማለች፤ እኔ እንኳን ትቼዋለሁ።

ና አልልህም። ውሻይቱ ግን ያንተ መሆኗን በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ።

ጭላሎን የፈጠረ አምላክ ከገደል፣ ከወባና ከባላምባራስ ምክር ይሰውርህ።

የውሻህ ሞግዚት

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ «ብርዱ አወፍሮኝ» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዞ ይነበብ። የሽማግሌዎቹ ፍርድ እንደጸና ነው። ብርድ ሰው አያወፍርም።